ምላጭ ያልደረሰበት ጥግ

በከተማው የአትክልትና መናፈሻ መምሪያ ውስጥ ትክክለኛ ስሙን የምታውቀው የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ምላጭ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ድሮ አብሮት የሠራ ሣር አጫጅ ነበር፤ እሱ ያለፈበት መሬት አዲስ እንደተላጨ አገጭ ልሙጥ ብሎ ስለሚቀር። ሰውየው ቅጽሉን ሊቆጣበት ቀርቶ ወደደው። ጭራሽ በገዛ ስሙ ሲጠሩት ዞር ብሎ ማንን እንደጠሩ የሚፈልግ ሰው ሆነ።

ሥራው አረም መንቀል ነው። ይሄም ሥራ ሆኖ የሚል አይጠፋም፤ እስቲ አንድ ቀን ተንበርክኮ ይሞክረው። ምላጭ አራት የተጣጠፈ ጆንያ ከጉልበቱ ሥር ያነጥፋል። እጀታዋ አጭር የሆነች የብረት ሹካውን ከአረሙ ሥር ያስገባል፣ አንዴ ወዝወዝ ያደርጋታል፣ ከዚያ ከነሥሩ ላጥ ነው። ሥሩ ላይ የቀረውን አፈር በሹካዋ ጀርባ መታ መታ አድርጎ ያራግፍና አረሙን ገልብጦ ለፀሐይ ያሰጣዋል። ግማሹን ሥር መሬት ውስጥ ትቶ የሚሄድ ሠራተኛ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ይሄ መንቀል ሳይሆን ጸጉር ማስተካከል ነው ይላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከከተማው ዳር ካለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ነው። ለመንገድ ሥራ ጠጠር ሲፈጭበት ኖሮ ከሃያ ዓመት በፊት ተዘጋ። ባለቤቶቹ የሚረባውን ሁሉ ጭነው ሲሄዱ ሁለት ነገር ትተው ሄዱ፤ ዝገት የበላው ትልቅ የድንጋይ መፍጫ ማሽንና ከጠጠርና ከነጭ ብናኝ ሌላ ምንም የሌለበት ተዳፋት። ከተዳፋቱ ግርጌ አሥራ ሁለት ቤቶች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል። ዝናብ ሲመጣ ብናኙ ነጭ ጭቃ ይሆንና በየቤቱ ደጃፍ ዘው ብሎ ይገባል። መምሪያው መላ አለኝ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ዛፍ መትከል ጀመረ።

ታዲያ መምሪያው አንድ ደንብ አለው። ችግኝ የጫነው መኪና ከመነሳቱ በፊት፣ ቦታው ከአረምና ከባዕድ ነገር ንጹህ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቅጽ መፈረም አለበት። መጀመሪያ አራሚው ይፈርማል፣ ቀጥሎ ኃላፊው። ቅጹ የተዘጋጀው ለአበባ መደብ ነው፤ ለአበባ መደብ ደግሞ ልክ ነው። ድንጋይ ላይ ይሠራል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ቅጽ ነዋ፣ ማን ይጠይቀዋል።

እናም ምላጭ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ሊገባ ሲል እየወጣ ያንን ተዳፋት ጠረገው። በዓመቱ ውስጥ ከጠጠሩ መሃል አንገቷን ያወጣች ነገር ሁሉ ከነሥሯ ተነቀለች። አንድ ዓመት ጭራሽ ከበላይ አካል እንግዳ ይመጣል ተባለና፣ ድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ቅርፊት፣ ሰው የድንጋይ ሽበት የሚለውን፣ በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ አነሳው። ኃላፊው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበለት። ድንጋይ ያጥባል ተብሎ ተቀለደ፤ እሱ ግን በሆዱ ኮርቶ ነበር።

ችግኞቹ ግን አልያዙም። ዝናቡ ካለፈ አራት ወር ሳይሞላ ሁሉም የደረቀ እንጨት ሆነው ይገኛሉ። አንዴ ፀሐዩ ነው ተባለ፣ አንዴ ፍየል ነው ተባለ፤ ከሁሉ በላይ የተወቀሰችው ግን የችግኝ ጣቢያዋ ሴትዮ ናት። ችግኝ የሚፈላባቸውን ጥቁር ላስቲኮች በብብቷ ሳትይዝ ስለማትታይ ላስቲኳ ይሏታል። የምታፈላቸው ችግኞች ልፍስፍስ ናቸው እየተባለ ሁለት ጊዜ ተጽፎባታል። ከምላጭ ጋር ሲገናኙ አይስማሙም። ለሠርግ አሳድጌ ለቀብር ነው የምሰጥህ ትለዋለች። እሱም፣ አንቺ በደንብ ብታበያቸው ኖሮ ይይዙ ነበር፣ እኔ መሬቱን እንደ መስታወት ነው የማስረክብሽ ይላታል። እንዲህ ሲጠዛጠዙ ሁለቱም አረጁ።

ከአሥራ ሁለቱ ቤቶች የመጨረሻው የእህቱ ነው። እሱ እታለም ነው የሚላት። እናታቸው የሞተችው እሱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አጥባ፣ አብልታ፣ ገርፋም ጭምር ያሳደገችው እታለም ናት፤ ያውም እዚያው ቤት ውስጥ። አሁን ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ በየፊናቸው ሄደዋል። እሷ የተማሪ ዩኒፎርም ትጠግናለች። የስፌት መኪናዋ ጭቃው እንዳይደርስባት አራት ሸክላ ላይ ቆማለች፤ እታለምም ከፍ ያለ በርጩማ አሠርታ እግሯን ሰቅላ ትሰፋለች። ግድግዳው ላይ ጉልበት የሚደርስ ነጭ መስመር አለ። በየዓመቱ ትቀባዋለች፣ በየዓመቱ ይመለሳል።

በዚህ ዓመት ከከተማው መሐንዲስ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ተዳፋቱ አፈሩን የሚይዝ መሆኑ ካልታየ፣ አሥራ ሁለቱም ቤቶች ከዝናቡ በፊት ተነስተው ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ይዛወራሉ ይላል። መሐንዲሷ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጥታ ታያለች። ኃላፊው ምላጭን አስጠርቶ፣ ጋሼ ዘንድሮ አንዲት ቅጠል እንዳላይ፣ ቦታው ጸድቶ ስታየው ሥራችንን ታውቅልናለች አለው። ምላጭ ግን እታለም ከዚያ ቤት ወጥታ እንዴት እንደምትኖር እያሰበ ነበር። በጨለማ ግድግዳውን ሳትዳስስ የምትሄድበት ብቸኛ ቤት ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ አንድም ጥግ ሳይቀር ሊያጸዳው ቆረጠ። እዚህ ላይ ለማንም ያልነገረው ነገር አለ። ከአምስት ዓመት በፊት ጉልበቱ አብጦ መንበርከክ አቅቶት ነበር። ኃላፊው ሰምቶ ወደ ጥበቃ እንዳያዛውረው ፈርቶ፣ ከመፍጫ ማሽኑ ጀርባ ያለውን ጥግ ሳያርመው ንጹህ ነው ብሎ ፈረመ። በሥራ ዘመኑ የፈረማት ውሸት ያቺ ብቻ ናት። በዓመቱ ጉልበቱ ቢሻለውም ወደዚያ ጥግ መሄዱን አፈረበት። ማሽኑ ስለሚጋርደው ማንም አያየውም፤ በዓመቱ ደግሞ ፈረመ፣ በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም፣ በአምስተኛውም። ውሸቷ አንድ ናት ብሎ ነበር የሚቆጥረው።

አንድ ጠዋት ሹካውንና ጆንያውን ይዞ ከማሽኑ ጀርባ ገባ። አረሙ ወገቡ ድረስ ነው። ወይ ጉዴ አለና ተንበረከከ። የመጀመሪያውን እሾህ ከነሥሩ ላጥ አደረገው፣ እንደ ልማዱም በሹካው ጀርባ መታው። የወረደው ግን ነጭ ብናኝ አልነበረም። ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ የአፈር ሽታ አለው። ምላጭ ከዚያ ተዳፋት ሲመለስ ወፍጮ ቤት የዋለ መስሎ ነጭ ሆኖ ነበር የሚገባው፤ እጁ እዚያ ቦታ ላይ ጠቁሮ አያውቅም። ቢሆንም እጁ ቀድሞት ሄዷል። ሁለት ክንድ ያህል ከነቀለ በኋላ ነው ቀና ያለው።

ቀና ሲል ዛፎቹን አየ። ዘጠኝ ናቸው፣ ደረቱ የሚደርሱ። ከግንዳቸው ሥር የጥቁር ላስቲክ ቁራጭ ይታያል። ወዲያው ገባው፤ ተካዮቹ ቀኑ ሲመሽባቸው የተረፋቸውን ችግኝ ይዘው ላለመመለስ እዚህ እየወሸቁ ነበር የሚሄዱት።

ሹካውን አስቀመጠና ጥጉን ከዳር ጀምሮ በዓይኑ ይመረምር ጀመር። ከውጪ በኩል ባዶ ድንጋይ ነው፤ ላዩ ላይ ያው ሽበት ተለጥፏል። በጥፍሩ ጫር ሲያደርገው ከሥሩ ያለው ድንጋይ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር አለ። ትንሽ ገባ ሲል ፍርፋሪው በተጠራቀመበት ስንጥቅ ውስጥ አረንጓዴ ለስላሳ ነገር በቅሏል፤ ሲጫነው የጠዋቱን ጤዛ እንደያዘ ነበርና ጣቱ ረጠበ። ከዚያ ሰርዶ፣ ከዚያ ሦስት ቅጠል ያላት ማገጥ፣ ከዚያ እሾህ። ከሥራቸው ያምና የካቻምና አገዳ ተጋድሞ በስብሷል፤ ጥቁሩ አፈር እሱ ነው። ከዚያ አፈር ላይ ክትክታው ቁጥቋጦ ሆኖ ወጥቷል፤ ዛፎቹም የቆሙት በክትክታው ጥላ ነው።

ምላጭ ትምህርቱ አምስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ሰው ነው፤ ይሄን ለመረዳት ግን ማንም አላስፈለገውም። ሽበቱ ድንጋዩን ይፈጫል፣ አረንጓዴው ውኃ ይይዛል፣ አረሙ እየሞተ አፈር ይሆናል፣ ዛፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እሱ ደግሞ በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹን እየጠረገ፣ ድንጋዩን ትናንት የተፈለጠ አስመስሎ፣ ለመጨረሻው እንግዳ ባዶ ቤት ሲያስረክብ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ተናደደ፣ ግን የሚናደድበት ሰው ቢፈልግ ከራሱ ሌላ አጣ። የነቀላቸውን ሁለት ክንድ አረሞች እያነሳ መልሶ ሊተክላቸው ሞከረ፤ አፈራቸውን አራግፎት ስለነበር አልቆሙለትም።

ከሰዓት በኋላ ላስቲኳን ይዟት መጣ። ዛፎቹን ስታይ አንዱን ቅጠል በሁለት ጣቷ ይዛ ቆየች። ለካስ ልጆቼ ጤነኞች ነበሩ ብላ አለቀሰች። ቀጥላም ወረደችበት፤ ስንት ዓመት ሙሉ በእኔ ሲላከክ ቆመህ ታየኝ ነበር አለችው። እሱም ሳላውቅ ነው አላት። እሷም ሳያውቅ እንደነበረ አመነችውና ቁጣዋ በረድ አለ። ያኔ አንድ ነገር ለመናት። ዛፎቹ የበቀሉት በማሽኑ ጥላ ምክንያት ነው ብለሽ ንገሪያቸው አላት። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል፤ ምስጉን ሠራተኛ የሚል ወረቀት ተዘጋጅቶለታል። የሐሰት ፊርማው ከታወቀ ወረቀቱም ስሙም ውኃ በላው ማለት ነው።

ላስቲኳ ማሽኑን ዞራ ሌላኛውን ጎን አየችና ተመለሰች።

«ጥላ ይረዳል» አለችው። «ግን በዚያኛው ጎንም ጥላ አለ። እዚያ አርመሃል፣ ምንም የለም። እዚህ ለምን አላረምክም ብለው ይጠይቃሉ። እኔ አልዋሽልህም፤ አንተው ካልነገርካቸው መሐንዲሷ ባዶውን ድንጋይ አይታ ትሄዳለች፣ ቤቶቹም ይነሳሉ።»

በማግስቱ ለእታለም ሊነግራት ሄደ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ለጎረቤቷ በመስኮት ስታወራ ሰማት። ወንድሜ ላይ ሆኖ እየጠበቀን ምን እንሆናለን ብላችሁ ነው፣ እሱ ባይጠርገውማ ተራራው ሁሉ እላያችን ላይ ነበር ትላለች። ምላጭ ገብቶ አንድ ብርጭቆ ውኃ ጠጣ። የግድግዳውን ነጭ መስመር አየ። ጉልበትህን አመመህ እንዴ፣ በሞቴ ተቀመጥ አለችው። ሥራ አለብኝ ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሹካውን ይዞ እየወጣ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይውላል። አንዲት ሥር አልነካም። ኃላፊው አንድ ቀን በስልክ ሥራው እንዴት ነው ቢለው፣ እየሄደ ነው ብሎ ዘጋው። ላመል ታህል አልዋሸም፤ ሥራው በርግጥም ያለሱ እየሄደ ነበር።

መሐንዲሷ በመጣችበት ቀን ኃላፊው ክራቫት አድርጎ ነበር። ላስቲኳ ከችግኝ መኪናው ጋር መጥታለች፤ የአሥራ ሁለቱ ቤት ሰዎችም ጉዳዩ የራሳቸው ነውና ወጥተው ቆመዋል፣ እታለም ከፊት። ኃላፊው ተዳፋቱ ላይ በየስንጥቁ ያቆጠቆጠውን አረንጓዴ ሲያይ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ጋሽ ምላጭ ምንድን ነው ይሄ አለ። ምላጭ ሁሉንም ወደ ማሽኑ ጀርባ ጠራቸው። ሰዉ ተጋፍቶ ገባ። ዛፎቹን አዩ። ከዚያ ያየውን ሁሉ ከሽበቱ እስከ ዛፉ በጣቱ እየጠቆመ አሳያቸው። መጨረሻ ላይ የቀረውንም ተናገረው።

«እነዚህ የበቀሉት እኔ ያልነቀልኩበት ቦታ ላይ ነው። አምስት ዓመት ይሄን ጥግ ንጹህ ነው ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። እውነቴን የፈረምኩበት ደግሞ ይኸውላችሁ፣ ውጪ ነው፣ ራቁቱን። ችግኞቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ጭቃውንም ወደ ቤታችሁ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ይሄ ቦታው አይደለም ሊል ሲጀምር መሐንዲሷ በእጇ አስቆመችው። ልጅ እግር ናት፣ ግን ወሬ አታበዛም። ሁለት ጀሪካን ውኃ አስመጣች። አንዱን ሲጸዳ በኖረው ተዳፋት ላይ አስደፋችው፤ ነጭ ሆኖ ተንደርድሮ የሰዉን ጫማ አለበሰው። ሁለተኛውን ከጥጉ አናት ላይ አስደፋችው። ሰዉ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ውኃው ሰርጎ ቀረ፤ ከታች የወጣችው ጥቂት ጭላጭ ጥርት ያለች ነበረች።

ከዚያ ተዳፋቱን ዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ከመጨረሻው ቤት በላይ ስትደርስ ቆመች። እዚያ ቦታ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ነጭ ነው፤ ብናኙ ተረከዟን ዋጣት።

«ይሄኛው ለምን ከሌላው ባሰ ጋሼ?» አለችው።

ምላጭ መሬት መሬቱን አየ። እታለም ከአጠገቡ ነበረች።

«ከሥሩ እህቴ ስላለች ነው» አለ። «ሁልጊዜ ከዚህ ነበር የምጀምረው። ሌላውን አንዴ ሳርም ይሄን ሁለቴ ነው የማርመው። በሽቦ የፈተግሁትም ይሄን ነው።»

መሐንዲሷ እዚያው ቆማ ጻፈች። ከዛሬ ጀምሮ ተዳፋቱ አይታረምም፤ ችግኙ በአረሙ መሃል ይተከላል፤ ቀዳዳው ብቻ ይከፈታል፤ ከላይ ድንጋይ እየተደረደረ የውኃው ፍጥነት ይቀነሳል። በዚህ ሁኔታ አሥራ አንዱ ቤት ሳይነሳ ሁለት ክረምት ይጠበቃል። የመጨረሻው ቤት ግን አይጠበቅም። ከበላዩ አፈሩን የሚይዝ አንድም ነገር የለም፣ ዝናቡ ሳይገባ መነሳት አለበት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የተናገረችው፤ ሰዉ ግን ሰማ። አንድ ጎረቤት ምላጭን ሊሳደብ አፉን ከፈተና እታለምን አይቶ ተወው። እታለም ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ነጠላዋን አጣፍታ ዕቃዋን ልትሰበስብ ወረደች።

ምላጭ ባለው ሁለት ክፍል ውስጥ የውስጠኛውን ለቀቀላት። የስፌት መኪናዋን አራት ሰው ተሸክሞ አመጣው። ሻይ አለ፣ በሩን ዝጋ፣ ይሄን ክር መርፌው ላይ ሰካልኝ፤ ለሦስት ሳምንት ከዚህ ያለፈ አልተነጋገሩም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስለ ፊርማው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈለት፤ የምስጋናው ወረቀት እንደጠረጠረው ቀረ። ቅጹ ግን ተቀየረ። በቀሪዎቹ ወራት ሥራው ሰው ገብቶ አረም እንዳይነቅል ተዳፋቱን መጠበቅ ሆነ። ምላጭ ዶማ ፈራ እያሉ ሣር አጫጆቹ ሳቁበት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ትልቁ ዝናብ የመጣው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወረደው። አባራ ሲል ምላጭ ላስቲክ ለብሶ ሮጦ ሄደ፤ ሲመለስ ከእግር እስከ ራሱ በስብሷል። እታለም መኪናዋ ላይ ጎንበስ እንዳለች ናት፣ ቀና አላለችም። በሩ ላይ ቆሞ ነገራት። በአሥራ አንዱ ቤት ደጃፍ ውኃ ደርሷል እንጂ የገባ ጭቃ የለም። የእሷ ቤት የጓሮ ግድግዳ ግን ወደ ውስጥ ተደርምሷል፤ ልክ የስፌት መኪናዋ ቆማ በነበረችበት ቦታ ላይ ነው የወደቀው።

የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ።

«እናታችን የመረገችው ግድግዳ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ እታለም።»

«ይቅር። የቀረው ይቅር።» ከዚያ ቤቱ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ፍርስራሹን አንሳው የሚልህ ሰው ይኖር ይሆናል። እንዳታነሳው። የወደቀው ጭቃ ላይ የሚበቅል ነገር ካለ ተወው፣ ይብቀል።»

«እሺ» አላት።

እሷም ጨርቁን አስተካክላ መርገጥ ቀጠለች፤ እሱ ልብሱን ሊቀይር ገባ።